ከተቋረጠበት የሚቀጥል ጨዋታ

ጎግል የዩዝኔትን በር የዘጋው የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። እኔ የሰማሁት ክረምት ገብቶ፣ እንጅባራ በጉም ተሸፍና ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ተቋርጦ ስለነበር፣ በእነዚያ ወራት ዓለም ላይ የሆነውን ሁሉ የተቀበልነው በውዝፍ ነው። ዳታው ሲመለስ የተጠራቀመው መልእክት በአንድ ጊዜ ስልኬ ላይ ተንጫጫ፤ የሠርግ ጥሪ፣ መርዶ፣ ያለፈበት የበዓል ምኞት። በመሀሉ ውጭ አገር የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ የጻፈው አንድ መስመር ነበር፦ «ያ የድሮ ቤታችን ተዘጋ አሉ፤ ሰማህ?»

ቤቱ እንኳ የጎግል አልነበረም። ዩዝኔት ባለቤት ስለሌለው የሚዘጋውም የለም። ጎግል የዘጋው የራሱን በር ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በጎግል ግሩፕስ በኩል ወደ ዩዝኔት መጻፍም፣ አዲስ የተጻፈውን ማየትም አይቻልም። የቀድሞው ግን ይነበባል። ክፋቱ፣ አብዛኛው ሰው ሌላ በር መኖሩን ከረሳ ብዙ ዓመት አልፎታል። ከእኔ ተማሪዎች መካከል ደግሞ ስሙን የሰማ አንድም የለም።

ስለዚህ ለእነሱ ስል ከሥሩ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1979 ቶም ትረስኮት እና ጂም ኤሊስ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች በሰሜን ካሮላይናው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ነበሩ። የኢንተርኔት አባት የሚባለው አርፓኔት ያን ጊዜ ከአሜሪካ መከላከያ ጋር ውል ላላቸው ተቋማት ብቻ የተፈቀደ ነበር፤ ዱክ ደግሞ ውሉ አልነበረውም። ልጆቹ በእጃቸው ያለው ኮምፒውተር፣ ሞደምና ስልክ ነው። እናም አንዱ ኮምፒውተር የስልክ ዋጋ በሚረክስበት ሌሊት ለሌላው እንዲደውል አደረጉት። ይደውላል፣ ያልደረሰውን ጽሑፍ ይቀበላል፣ ያለውን ይሰጣል፣ ስልኩን ይዘጋል። የተቀበለው ደግሞ ለሚቀጥለው ይደውላል። እናቶቻችን ማለዳ ከጎረቤት እሳት እንደሚጭሩት ነው፤ የጫረችው የራሷን ምድጃ ታነዳለች፣ ያስጫረችው አይጎድልባትም፣ እሳቱ የማን ነው ተብሎም አይጠየቅም። እንዲህ እየተጫጫረ ጽሑፉ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአገር አገር ሄደ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አውስትራሊያ ድረስ የሄደው በማግኔት ቴፕ ተቀድቶ በአውሮፕላን ተጭኖ ነው።

ጽሑፎቹ በየጉዳያቸው ኒውስግሩፕ በሚባሉ ቡድኖች ይደረደራሉ። የኮምፒውተሩ ለብቻው፣ የሳይንሱ ለብቻው፣ የመዝናኛው ለብቻው፣ የማኅበረሰቡ ለብቻው። በማኅበረሰቡ ሥር በየባህሉ ቡድን አለ፤ እኛን የሚመለከተው «ሶክ ነጥብ ካልቸር ነጥብ አፍሪካን» የሚባለው ነበር። ቲም በርነርስሊ ዌብ የሚባል ነገር መሥራቱን ለሕዝብ የገለጸው፣ ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን «ለጨዋታ የምሠራው ነው» በሚል መንፈስ ያስተዋወቀው በዩዝኔት ቡድኖች ውስጥ ነው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1991፣ በአንድ የኦገስት ወር። እኛ ያኔ ደርግ ከወደቀ ሦስት ወር እንኳ አልሞላንም።

እንዴት ደረሰን? ከእጅ ወደ እጅ ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ፓዲስ የሚባል የመረጃ ክፍል ነበረው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በኛ አቆጣጠር፣ እንደ ልሣን አዳም ያሉ ባለሙያዎች የሠሩበት ይህ ክፍል ፊዶኔት በሚባል ቀላል ዘዴ ከለንደኑ ግሪንኔት ጋር በስልክ እየተገናኘ ኢሜይል ያመላልስ ነበር። ሙሉ ኢንተርኔት አይደለም። ደብዳቤዎቹ ተጠቅልለው ይጠብቃሉ፣ ጥሪው ይደረጋል፣ ይተላለፋሉ። የዘዴው ትልቁ ጥበብ ትዕግሥቱ ነበር፤ በዚያን ጊዜው የስልክ መስመራችን ግማሽ መንገድ ላይ ቢቆረጥ፣ በሚቀጥለው ጥሪ ከተቋረጠበት ይቀጥላል እንጂ «እንደ አዲስ ጀምር» አይልም። ይህን ነገር አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪ ነበርሁ። የጓደኛዬ ወንድም ኮሚሽኑ ዘንድ የኢሜይል አድራሻ ነበረው፣ አሜሪካ ደግሞ ዘመድ ነበረው። ዘመዱ ከአፍሪካው ቡድን ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን እየመረጠ በኢሜይል ይልካል፣ ወንድምዬው ዳርና ዳሩ ቀዳዳ በሆነው ተያያዥ ወረቀት ያትመዋል፣ እኛ ዶርም ውስጥ አልጋ ላይ ተኝተን እንቀባበለዋለን። ወረቀቱ ሲዘረጋ ከአልጋው ወርዶ መሬት ይደርስ ነበር። ጽሑፉ አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ብልጭ የሚለው ግን በመሀል የሚገባው አማርኛ ነበር፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ።

የኛ ፊደል በኮምፒውተሮች ሁሉ የጋራ መዝገብ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ የጻፈው አማርኛ ሌላው ዘንድ ሲደርስ ዝንብ የሄደበት መስሎ ይታይ ነበር። ዳንኤል ያዕቆብ እና ይትና ፍርድይወቅ ሴራ የተባለውን ሥርዓት ያዘጋጁት ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደላችን በተራ የእንግሊዝኛ መተየቢያ እንዲጻፍና መልሶም ፊደል እንዲሆን። ትንሿ ቲ «ተ» ናት፣ ትልቋ ቲ «ጠ»። ትንሿ ሲ «ቸ»፣ ትልቋ «ጨ»። ኤክስ «ሸ» ሆነች። ሰው ግን ሥርዓቱን በደንብ አይጠብቅም፤ ከመቸኮሉ የተነሣ «ጠላ» የጠጣው «ተላ» እየጠጣ፣ «ጨው» የፈለገው «ቸው» እየፈለገ ይጽፋል። ማንበብ የሚቻለው ድምፅ አውጥቶ ብቻ ነበር። ዛሬ ልጆቹ በስልካቸው በላቲን ሲጻጻፉ አይቼ «ይኼማ የኛ ነው» የምለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የሚሰማኝ ባይኖርም።

ክረምት ሲገባ ያንን ወረቀት አጣጥፌ ወደ እንጅባራ ይዤው ወጣሁ። ያን ጊዜ መንገዱ አስፋልት አልነበረም፤ ዓባይን ወርዶ ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስ ታድሮ፣ በማግስቱ ቡሬን አልፎ ኮሶበር መድረስ ነው። እንጅባራን አሁንም ኮሶበር ማለት የሚቀናን ሰዎች አለን። ዝናብ፣ ቀርከሃ፣ ድንችና ፈረስ። ሙሉ ከተማው ውስጥ ኮምፒውተር አይቼ አላውቅም ነበር።

አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ነበሩ። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይነገርለታል፤ በአድዋና በኋለኛው የጣሊያን ወረራ የተሰለፉትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ ሲባል ነው ይላሉ አዛውንቶቹ፤ በዓሉም ጥር 23 ቀን ነው። አጎቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ያገኟት ንባብ ነበረቻቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት፣ አቀኑት፣ መለሱልኝ።

«ይኼ ምን ቋንቋ ነው?»

«አማርኛ ነው፣ አያ።»

«ምን በደለና ነው የፈረንጅ ካፖርት ያለበሱት?»

አነበብሁላቸው። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ያ ዶርም ውስጥ የምንሣሣቅበት ወረቀት የቤቱ ጨዋታ ሆነ። ከመጣጥፎቹ አንዱ የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነበር። የነገሥታቱንና የመኳንንቱን የፈረስ ስም እናውቃለን ይላል፤ አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ። ግን የተራው ወታደር ፈረስ ስም ነበረው ወይ? ከአስር በላይ መልስ ተሰጥቶታል፤ ሁሉም ከመጽሐፍ የተለቀመ። አጎቴ እየሰሙ ቆይተው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ከነዚህ ውስጥ ፈረስ ላይ የወጣ የለም» አሉ። «ጻፍ።»

ጻፍሁ። አነጋገራቸው የፍርድ ቤት ቃል እንደሚያስመዘግብ ሰው ነው። ዳማ ምን እንደሆነ፣ ቦራ ምን እንደሆነ፣ አምባላይና ቡላ በምን እንደሚለዩ ተናገሩ። ድሃ ሰው ፈረሱን በመልኩ ይጠራዋል፣ ከዚያ መንደሩ ሰውዬውን በፈረሱ ይጠራዋል አሉ። «ንጉሥ ፈረሱን ይሰይማል፤ እኛን ፈረሱ ይሰይመናል።» አንድ ስለ ልጓም ያነሡትን ነገር ሴቶቹ ስለሣቁባቸው «እሱን ሰርዘው» አሉኝና ሰረዝሁት፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ደብተሩ ከእኔ ጋር አዲስ አበባ ተመለሰ። ጓደኛዬ በሴራ ሥርዓት ተየበው፣ ወንድሙ በፍሎፒ ዲስክ ይዞት ሄደ፣ ሌሊት በስልክ ለንደን ገባ፣ ከለንደን አሜሪካ፣ ዘመዱ በበኩሉ ቡድኑ ላይ ለጠፈው። ከላዩ ላይ «ከእንጅባራ፣ ከአንድ ፈረሰኛ» የሚል ነበረበት። የአንድ ገበሬ ቃል ከቡና ረከቦት ተነሥቶ በመላው ዓለም ባሉ የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተሮች ላይ በየቅጂው ተቀመጠ። ቅጂው የተቀመጠው የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ነው። እኔ ያኔ ይህ ተአምር መሆኑ አልገባኝም፤ የፎቶኮፒ ያህል ነገር መስሎኝ ነበር።

መልሱ የመጣው ለጥምቀት ሰሞን እረፍት ነው። አመሰገኑ፣ ጠየቁ፣ አንዱ ስለ ቡላ ተከራከረ። አንዱ ግን «ይኼ ገበሬ ነኝ ባይ ካድሬ ነው» ብሎ ይጀምርና ከዚያ የሚቀጥለው ለጆሮ አይሆንም። ቤት ውስጥ ሳነብ ስደርስበት ዘለልሁት። አጎቴ ግን ድምፄን ያውቁታል።

«ምን ዘለልህ?»

«ይቅርብዎ፣ አያ፤ ስድብ ነው።»

«የተላከ መልእክት ተቀንሶ አይነገርም። አንብበው።»

አነበብሁት። ዝም አሉ፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሣቁ። «ደርግ ፊውዳል አለኝ። ይኼኛው ደግሞ ካድሬ አለኝ። ሁለቱ ተገናኝተው ይነጋገሩ እንጂ!» ቀጥለው ሰውዬው የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁ። ስሙን አልጻፈም አልኋቸው። ያስገረማቸው ስድቡ ሳይሆን ይህ ነበር። አገሩ ሲገባ እንጅባራ ይውረድ፣ ፈረስ አስቀምጠዋለሁ ብለህ ጻፍልኝ አሉ። ተጻፈ፣ ሄደ። ተሳዳቢው ድምፁን አጠፋ፤ የማይተዋወቁ ሌሎች ሁለት ሰዎች ግን አጎቴ ካድሬ ናቸው አይደሉም እየተባባሉ ለወራት ተነታረኩ።

ዩዝኔት ይህ ነበር፤ ክፋቱም ደግነቱም። ናፍቆት ሲያይለን የጨዋ ሰዎች ሸንጎ አድርገን የምናወራው ሐሰት ነው። ዘር ቆጥሮ መሰዳደብን በፌስቡክ የጀመርን የሚመስለው ሰው ያንን ወረቀት አላየም። ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። መልስ ለመስጠት ቀን፣ አንዳንዴም ወር ይፈጅ ስለነበር ንዴቱ በመንገድ ላይ ይበርዳል፤ ሰውም ረዘም አድርጎ ይጽፋል። ከመሳደቡ በፊት የሌላውን ቃል መስመር በመስመር እየጠቀሰ ነው የሚሳደበው።

ማርጀት የጀመረው ግን እኛ ገና ሳንገባበት ኖሯል። የዩዝኔት ነባሮች በየዓመቱ መስከረም ላይ ይማረሩ ነበር፤ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪ ሲቀበሉ ወጉን የማያውቅ ጀማሪ ይጎርፋልና። እስከ ጥቅምት ወጉን ይለምዳል፣ ይረጋጋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ግን የንግድ ኢንተርኔት ኩባንያዎች፣ በኋላም አሜሪካ ኦንላይን ለደንበኞቻቸው ሁሉ በሩን ከፈቱና ጀማሪው በየቀኑ ይመጣ ጀመር። ያንን ዘመን «ያላለቀው መስከረም» ይሉታል። እንደኛ አዲስ ዓመቱ በመስከረም ለሚገባ ሰው ምርቃት ይመስላል፤ እነሱ ግን እርግማን ነው ያሉት።

ሁለተኛው መዓት የኛን አገር በር በደንብ የሚያውቅ ነው። ሚያዝያ 4 ቀን 1986 ዓ.ም. ሎረንስ ካንተር እና ማርታ ሲግል የተባሉ ባልና ሚስት ጠበቆች፣ ከአሪዞና ሆነው፣ አንድ ማስታወቂያ ከአምስት ሺህ በሚበልጡ ቡድኖች ላይ በአንድ ጊዜ ረጩ። የሒሳብ ሊቃውንት ቡድን፣ የድመት ወዳጆች ቡድን፣ ሁሉም ዘንድ ያው ጽሑፍ። ዛሬ ስፓም የምንለው የንግድ ማስታወቂያ ጎርፍ በታወቀ መልኩ ከዚያ ይቆጠራል። ማስታወቂያው የምን ነበር? የግሪን ካርድ ሎተሪ። ዲቪ! ሰው በራሱ በነፃ ሊሞላው ይችል የነበረውን ፎርም በክፍያ እንሙላላችሁ ነው ነገሩ። በኋላ እንጅባራና ዳንግላ ውስጥ በየፎቶ ቤቱና በየኢንተርኔት ቤቱ ደጃፍ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ካርቶን ሲሰቀል፣ እኔ የማስበው እነዚያን ባልና ሚስት ነበር። የኛዎቹ ግን ቢያንስ ፎቶ ያነሣሉ።

በ1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ሙሉ ኢንተርኔት አስገባ። ጠብቀነው ነበር፣ ተደሰትን፤ ያ በስልክ ሌሊት ለሌሊት የሚጓዘው መንገድም በዚያው ተረሳ። ዌብ ሥዕል አለው፣ ቀለም አለው። ውጭ ያለውም ወገን ወደየድረ ገጹና ወደየድምፅ መወያያ ክፍሉ ተበተነ። ዩዝኔት ላይ የቀረው ትራፊክ ደግሞ በአብዛኛው ጽሑፍ መሆኑ አበቃ፤ ሰዎች ሙዚቃ፣ ፊልምና ሶፍትዌር እየቆራረጡ ይጭኑበት ጀመር። የኢንተርኔት ኩባንያዎች ሰርቨሩን የሚያቆዩበት ወጪ ናረ፣ የሚያነብባቸው ደንበኛ ቀነሰ፣ ሰበብ ብቻ ነበር የጎደላቸው። ሰበቡ እ.ኤ.አ. በ2008 መጣ። የኒውዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አንድሩ ኩሞ የሕፃናት ጥቃት ምስል የሚገኝባቸው 88 ቡድኖች ማግኘቱን ገለጸ፤ ይህን ለመግታት ከእሱ ጋር በተደረገው ስምምነት እንደ ቬራይዘን፣ ስፕሪንትና ታይም ዋርነር ኬብል ያሉ ኩባንያዎች ተካተቱ። ቡድኖቹ መዘጋት ነበረባቸው፣ ክርክር የለውም። ኩባንያዎቹ ግን ሰማንያ ስምንቱን ዘግተው አልቆሙም፤ አንዳንዱ አንድን ሙሉ ዘርፍ፣ ታይም ዋርነር ደግሞ ዩዝኔትን ከነጭራሹ አቋረጠ። ግንቦት 12 ቀን 2002 ዓ.ም. ዱክ ዩኒቨርሲቲ፣ የተወለደበት ቤት ራሱ፣ ሰርቨሩን አጠፋ። ሁሉም «የሚጠቀምበት ስለሌለ» ይላል። በሩ ስለጠበበ ሰው ቀነሰ፣ ሰው ስለቀነሰ በሩ ተዘጋ፤ የትኛው እንደቀደመ የጠየቀ የለም።

እኔ በመሀሉ መምህር ሆኜ ወደ አገሬ ተመልሻለሁ። እንጅባራ ዋናው መንገድ ዳር ኢንተርኔት ቤት ሲከፈት፣ በደቂቃ እየከፈልሁ፣ መጀመሪያ የፈለግሁት ያንን የፈረስ ጨዋታ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2001 ዴጃ ኒውስ የተባለውን የዩዝኔት ማኅደር ገዝቶ ለሕዝብ ከፍቶት ነበር። ማኅደሩ ከመጀመሩ በፊት የነበረውንም ከየሰው ሰብስቦ ጨመረበት፤ ሄንሪ ስፔንሰር የሚባል ሰው በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጥናት ክፍል ውስጥ በ141 ማግኔት ቴፖች ያስቀመጠው ባይኖር እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ ዓመታት በአብዛኛው በጠፉ ነበር። የእንስሳት ጥናት ክፍል! ታሪክ አንዳንዴ የሚተርፈው ቦታ በነበረው ሰው ምክንያት ነው።

ፍለጋው ቀላል አልነበረም፤ «ፈረስ»ን በላቲን የምንጽፍበት መንገድ ብዙ ነውና። አገኘሁት። አጎቴን ኮሶበር ገበያ መጥተው ሳለ ይዣቸው ገባሁ። ልጆቹ ወንበር ለቀቁላቸው። ስክሪኑ ላይ ያለውን የራሳቸውን ቃል ድምፅ አውጥቼ አነበብሁላቸው፤ ዳማ፣ ቦራ፣ አምባላይ። አልተገረሙም፤ የተናገሩትን ያውቁታላ። ያሳሰባቸው ሌላ ነው።

«አሁን ይኼ የት ነው ያለው?»

«አሜሪካ፣ አንድ ኩባንያ ዘንድ።»

«በፊት ብዙ ቦታ ተቀመጠ ብለኸኝ አልነበር?»

«ነበር፣ አያ። ሌሎቹ ትተውታል።»

«እኛስ ዘንድ?»

እኛ ዘንድ ያለው ያ ዳርና ዳሩ ቀዳዳ የሆነ ወረቀት ነው አልኋቸው። ቤት ሣጥን ውስጥ ነበር። ፊታቸው ላይ እርካታ አየሁ፤ እኔ ግን በመልሴ አፍሬ ነበር፣ ምክንያቱም ኩባንያው ከወረቀቱ የሚበልጥ ይመስለኝ ነበርና። አጎቴ ካረፉ ቆይቷል።

የ2016 ዓ.ም. ወራት ስለዚህ ነገር ደጋግሜ እንዳስብ አድርገውኛል። ኢንተርኔት መቋረጥ ለኛ አዲስ አይደለም፤ ለብሔራዊ ፈተና ሲባል አገር ሙሉ የተዘጋበትም ጊዜ ነበር። ያን ዓመት ግን ረዘመ። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ፣ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ባዶ መስኮት ሆኑ። ስልካችን ውስጥ የነበረ የመሰለን ጨዋታ ስልካችን ውስጥ አልነበረም። ሰው አዲስ አበባ ሲሄድ ፍላሽ እናስይዘዋለን፤ መንገዱ ክፍት ሲሆን ፋይልና ደብዳቤ ይዞ ይመለሳል። አንድ ቀን ያንን ፍላሽ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ የምናደርገው ነገር ገባኝ፤ ዩዝኔት ይህን ነበር የሚሠራው። የተሠራው ለሚቆራረጥ መስመር፣ ገንዘብ ለሌለው ተቋም፣ ሌሊት ለሚጠብቅ ሰው ነው። መስመር በጠፋበት ወር ውስጥ ያለውን ታነባለህ፣ መልስህን ትጽፋለህ፣ መንገድ ሲገኝ ይሄዳል። ከተሠራው ኔትዎርክ ሁሉ እንጅባራን የሚመስለው እሱ ነበር፤ እኛም ሆንን ፈረንጆቹ የተውነው መስመራችን የማይቆረጥ መስሎን ነው። ሳስበው፣ መተካት የነበረበት በሚበልጠው ሳይሆን ችግሩን በሚያውቅ ነበር። እንዲህ ማለቴ አንዳንድ ወጣት መምህራንን ያስቃል፣ ይሣቁ።

ዳታው ከተመለሰ በኋላ ከአንድ የኮምፒውተር ተማሪ ጋር ተቀምጠን ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ከአንድ ነፃ የዩዝኔት ሰርቨር ጋር አገናኘነው። ቀላል ነው፤ ጎግል ሲወጣ የቀሩት ሰርቨሮች አልቆሙም፣ እየተደዋወሉ ነው። እንዲያውም የዩዝኔት ነባሮች የጎግልን መውጣት በደስታ ነው የተቀበሉት፤ ቡድኖቹን ያጥለቀለቀው ማስታወቂያ በብዛት የሚገባው በእሱ በር ነበርና በሩ ሲዘጋ ጎርፉ ቀነሰ። በኮምፒውተር ነክ ቡድኖች ውስጥ አሁንም ሽማግሌዎች ይከራከራሉ። የአፍሪካውን ቡድን ግን ስንከፍተው ንጹሕ ነው፣ ሰውም የለበትም። ልጁ ጥቂት አየና «መምህር፣ ታዲያ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ለምን አንከፍትም?» አለኝ።

ከፈትን። ስለ አገራችን ስለ አዊ ፈረሶች። ሰው በሰዓታት ውስጥ ሞላው፤ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ጥር 23 ላይ የተቀረጸ ግልቢያ፣ በአዊኛም በአማርኛም፣ በራሳችን ፊደል። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። እኔም የአጎቴን ቃል ከወረቀቱ ላይ በፊደል ገልብጬ ለጠፍሁት። ብዙ አውራ ጣት ተደረገልኝ። አንድ ስሙን ያልጻፈ ሰው ግን «ምንጭህ ምንድን ነው?» አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የጎግልን ማኅደር ሊንክ ላክሁለት።

«አይከፍትልኝም» ብሎ መለሰ።

ወረቀቱን ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት፤ ካድሬ የሚለውን መስመር ጭምር። አሁን ስለ ቡላ እየተከራከርን ነው።